ልኩ ያልተሞላ ሥዕል

ሦስት ቀን፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ መለኪያ ገመድ፤
መምህሬ የሰጡኝ ይኸው ነው፤ የቀረው የእኔ መንገድ።
አባቴ በሌሊት በቲሳ ወንዝ ላይ አሻገረኝ፣
ገመዱን እየሳበ፣ ቃል ሳይናገረኝ።
አሻጋሪ ነው፤ የአባቱም እንጀራ ይኸው ነበር፤
እኔ ግን የምማረው ድልድይ ነው። በዚህ ስንከራከር
እራት ይቀዘቅዛል። “ተይው” ይላል ኋላ፣ “ቀኑ ሲደርስ
ጀልባዋን ለዶሮ ቤት ትለኪያታለሽ፤ ብትገለበጥም አታፈስ።”
ማዶ ሲያወርደኝ አንድ ጠርሙስ የፕለም ማርማላታ አስያዘኝ፤
“ለምታሳድርሽ ሴትዮ።” ይኸው ብቻ ነው ያዘዘኝ።

ቡዳፔስት። ኬሌቲ ጣቢያ። ጣሪያው የዓሣ ነባሪ የጎን አጥንት፤
ከሥሩ ሕዝቡ ይፈስሳል፣ ያለ አንዳች ትዕግሥት።
ወይዘሮ ፒሮሽካ ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፤ ሊፍቱ ከቆመ ዓመት አልፎታል።
“ስኳር አነሰው” አሉ፤ ቢሆንም ማታውን ግማሹን ጨርሰውታል።

አረንጓዴውን ድልድይ መረጥኩ፤ ሁሉም የሚቀመጥበትን፣
ወጣቶች ብረቱ ላይ ወጥተው ቢራ የሚጠጡበትን።
ቱሪስቱ ቤተ መንግሥት ያያል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ
የምስማር ራስ እቆጥራለሁ፣ አንድ በአንድ በጣቴ ነክቼ።
አንድ መቶ ስልሳ ሁለት ላይ ስደርስ ቢጫው ትራም ቀረበ፤
ድልድዩ ዝንብ እንዳረፈበት የፈረስ ቆዳ ተርገበገበ።
ቁጥሬ ጠፋ። ዝናብ መጣ። ደብተሬ ርሶ አበጠ፤
በነገው ቢደርቅም፣ ቅርፁ ግን ተለወጠ።

በማግስቱ ፍል ውኃ ቤት። ሽማግሌዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው
ቼዝ ይጫወታሉ፣ ንጉሣቸውን እንፋሎት ውስጥ አቁመው።
“ምን ታጠኛለሽ?” አሉኝ አንደኛው፤ ቬንዴል ይባላሉ።
“ድልድይ” ስላቸው፣ ፈረሳቸውን እንዳነሱ ቀሩ። ቆይተው፣ እንዲህ አሉ፦

“የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጀርመኖቹ ሲሸሹ አንድም ሳይቀር አፈረሱ።
በአንድ ክረምት ሁለት ከተማ ሆንን፤ ቡዳ ለነፍሱ፣ ፔሽት ለነፍሱ።
እናቴ የስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣
በሰው ጀልባ ተሻገርን፤ ዋጋው አንድ ከረጢት ባቄላ።
መሐል ላይ ስንደርስ እጇን ውኃው ውስጥ ከተተች፤
‘ዝም በል፣ እዚህ ነው የተኛው’ ብላ ጣቴን ጎተተች።”

ፈረሳቸውን አስቀመጡ፤ አለቦታው ነበር፤ ተረቱ።
“ያንን አሻጋሪ” አሉ፣ “ስሙን ሳንጠይቀው፣ ይኸው ስንት ዓመቱ!”

ማታ ድልድዩ ላይ ወጣሁ። ከአንዱ ምሰሶ ቀለሙ ተልጦ
ከአረንጓዴው ሥር ግራጫው፣ ከግራጫው ሥር ዝገቱ አፍጦ።
“ጥንታዊ ከተማ” ይላል የያዝኩት ካርታ፤
እኔ የማየው ድሪቶ ነው፤ ቀን የተሰፋ፣ የተቀደደ ማታ።
አንድ ጠፍጣፋ ጀልባ አሸዋ ጭኖ
ከሥሬ አለፈ፣ መብራቱ በጭጋግ ተሸፍኖ።
ነጂው ቀና ብሎ እጁን አነሣ፤ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም፤
እኔም አነሣሁ። መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

መምህሬ “እጅሽ ጥሩ ነው፤ ልኩ የታለ?” ብለው ከአምስት ሁለት ሰጡኝ፤
እውነታቸውን ነው። ሽማግሌው ያሉትን ብነግራቸው፣ “ይህ ሌላ ትምህርት ነው” ብለው አስወጡኝ።

ያ ግን ኋላ ነው። እሑድ ቲሳ ዳር ስደርስ ጨልሟል፤
አባቴ ፋኖሱን ሰቅሎ ወዲያ ማዶ ቆሟል።
ጠራሁት። መጣ።
“ስንት ሜትር ሆነ፣ ቼንጌ?” አለኝ መሐል ላይ ስንደርስ።
“አልለካሁትም” አልኩት፣ ድምፄ እንዳይልፈሰፈስ።
“ሦስት ቀን ሙሉ?”
“ሦስት ቀን ሙሉ።”
ሳቀ። ከስንት ጊዜው!
እጄን ውኃው ውስጥ ከተትኩ፤ ከሥራችን ምንም የለም፤ ገና።
ተነሣሁ፤ ገመዱን ከኋላው ያዝኩ፤ ከብዶት ነበርና።